ከረጅሙ የካራቫን ጉዞ በፊት የትኛው የልምምድ ጉዞ ይሻላል? የንጽጽር መመሪያ

በመኪና የሚጎተት ካራቫን (ውስጡ አልጋና ማብሰያ ያለው ተጎታች ቤት) ይዞ ለሳምንታት ወይም ለወራት ለመጓዝ ያሰበ ሰው፣ አስቀድሞ በአጭር ጉዞ እንዲለማመድ ከሁሉም አቅጣጫ ይመከራል፤ እንዴት ይለማመድ የሚለው ላይ ግን መካሪዎቹ አይስማሙም። አንዱ በግቢ ውስጥ አንድ ሌሊት ማደር ይበቃል ይላል፤ ሌላው መብራትና ውሃ የተሟላለት የካምፕ ቦታ ሄዶ መሞከርን ይመርጣል፤ ሦስተኛው ምንም አገልግሎት በሌለበት ሜዳ ያልተፈተነ ካራቫን እንደተፈተነ አይቆጠርም ይላል፤ መንገዱ ራሱ ያስተምራልና ዝም ብሎ መነሳት ነው የሚልም አይጠፋም። እያንዳንዱ ምክር በእርግጥ የሚጠቅመው ሰው አለ። ጎድሎ የሚታየው የትኛው ለማን እንደሚስማማ የሚለይ ንጽጽር ነው።

የልምምድ ጉዞ የሚደረገው ጉድለት ለማግኘት ነው። ያለ አንዳች እንከን የተጠናቀቀ አጭር ጉዞ ደስ ቢያሰኝም፣ ካራቫኑ ምንም ከባድ ነገር ያልተጠየቀበት ጉዞ ሊሆን ስለሚችል እንደ ማረጋገጫ ሊወሰድ አይገባም። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር የተሠራው በዚህ እምነት ነው።

መመዘኛዎቹ

አማራጮቹን ለመለየት አራት ጥያቄዎች ይበቃሉ። የመጀመሪያው፣ ልምምዱ የትኞቹን የካራቫኑ ክፍሎች በእውነት ሥራ ላይ ያውላል የሚል ነው፤ ጎማ፣ ፍሬንና ማያያዣ የሚፈተኑት በመንገድ ላይ ነው፣ ባትሪና ውሃ በቆይታ፣ ጋዝና ማሞቂያ በቀዝቃዛ ሌሊት፣ ሰዎቹ ደግሞ በድካም። ሁለተኛው፣ ልምምዱ ከታሰበው ጉዞ ጋር ምን ያህል ይመሳሰላል የሚል ነው። ሦስተኛው ብልሽት ሲገኝ መካኒክና መለዋወጫ በምን ያህል ርቀት ይገኛሉ የሚል ሲሆን፣ አራተኛው የሚወስደው ጊዜና ገንዘብ ነው። አራቱ እኩል ክብደት የላቸውም፤ በእኔ ሚዛን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይቀድማሉ፣ ምክንያቱም ርካሽና ምቹ ሆኖ ምንም ያላሳየ ልምምድ የወሰደው ጊዜ ሁሉ ባክኗል።

ከአማራጮቹ ሁሉ በፊት፦ ክብደት

ባዶ ካራቫን ይዞ መለማመድ ሌላ ተሽከርካሪ ይዞ እንደመለማመድ ይቆጠራል። ፍሬኑ የሚይዝበት ርቀት፣ ዳገት ላይ የሞተሩ ድካም፣ የጎማው ሙቀት፣ ነፋስ ከጎን ሲመጣ የሚሰማው መገፋት፣ ሁሉም በጭነት ይለወጣሉ። ስለዚህ ከመጀመሪያው የመንገድ ልምምድ ጀምሮ ለረጅሙ ጉዞ የታሰበው ዕቃ በሙሉ መጫን አለበት፤ የትኛውም አማራጭ ቢመረጥ ይህ አይቀየርም።

የመጫን አቅሙ የሚታወቀው በአምራቹ ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ የተፈቀደ ክብደት ላይ የካራቫኑን ባዶ ክብደት በመቀነስ ነው። ከፍተኛው 1,500 ኪሎ ግራም፣ ባዶው 1,250 ኪሎ ግራም የሆነ ካራቫን 250 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው። ይህ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን 80 ሊትር የሚይዝ ታንከር ሲሞላ 80 ኪሎ ግራም ይወስዳል፤ ሁለት የተሞሉ የብረት ጋዝ ሲሊንደሮች 50 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናሉ፤ አንድ 100 አምፔር-ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ) የሚይዝ የኤጂኤም ባትሪ (የታሸገ የሊድ-አሲድ ዓይነት) 28 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። ለልብስ፣ ለምግብ፣ ለማብሰያ ዕቃ፣ ለወንበር፣ ለክሪክና ለመሣሪያ ሳጥን የቀረው 92 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። አንዳንድ አምራቾች ጋዙንና የውሃውን ከፊል በባዶው ክብደት ውስጥ አስቀድመው ስለሚቆጥሩ፣ ሰሌዳውን ከመመሪያ መጽሐፉ ጋር አስተያይቶ ማንበብ ያስፈልጋል። የሚታመነው ግን ሙሉ ጭነቱን ይዞ ከባድ መኪና የሚመዘንበት ሚዛን ላይ መውጣት ነው፤ በግምት የተሰላ ክብደት ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ያነሰ ይሆናል፣ ሰው ትናንሽ ዕቃዎችን ይረሳልና።

ጠቅላላው ክብደት ልክ ቢሆን እንኳ አቀማመጡ ሊያጠፋ ይችላል። ካራቫኑ በመኪናው የመጎተቻ ኳስ (ካራቫኑ የሚያያዝበት ክብ ብረት) ላይ ወደ ታች የሚያሳርፈው ክብደት በአውሮፓ ለተሠሩ ካራቫኖች በተለምዶ ከጠቅላላው ከ5 እስከ 7 በመቶ፣ በሰሜን አሜሪካና በአውስትራሊያ ለተሠሩት ደግሞ 10 በመቶ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ እንዲሆን ይመከራል፤ ያም ሆኖ መኪናው፣ የመጎተቻው ብረትና ካራቫኑ ራሱ ካስቀመጡት ጣሪያ ዝቅተኛውን ማለፍ አይቻልም። ኋላው ከብዶ ፊቱ ከቀለለ ካራቫኑ በፍጥነት ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ከባዱ ዕቃ ከአክስሉ በላይና በተቻለ መጠን ወደ ወለሉ ይቀመጣል፤ በኋላው ግድግዳ ላይ ብስክሌትና ስኮርታ ጎማ መስቀል የተለመደ ቢሆንም ለመረጋጋት ጠላት ነው። ውዝወዛ ከጀመረ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ ከነዳጅ መርገጫው ላይ እግርን ቀስ ብሎ ማንሳት እንጂ፣ ፍሬን በድንገት መርገጥም ሆነ በመሪ ለማረም መታገል አይገባም።

አማራጭ አንድ፦ በግቢ ማደር

ገንዘብ አይጠይቅም፣ መሣሪያም እርዳታም ቅርብ ነው። ውሃ፣ ጋዝ፣ መብራት፣ ፍሪጅና አልጋ በአንድ ሌሊት ይታያሉ። ዋጋ የሚኖረው ግን የቤቱን በር እንደሌለ ቆጥሮ የሚያድር ሰው ሲገኝ ነው፤ ለሻይ ወደ ቤት መግባት ወይም ከቤቱ ገመድ መብራት መሳብ ከተፈቀደ ልምምዱ ፈርሷል።

በግቢ ማደር ከሌሎቹ ይልቅ የሚበልጥበት አንድ ነገር ጸጥታው ነው። ሌሊት ማንም ቧንቧ ሳይከፍት የውሃ ፓምፑ ለአንድ አፍታ ተነስቶ ከጠፋ፣ በሆነ ቦታ ግፊቱ እየቀነሰ ነው ማለት ነው፤ መንስኤው የሚያንጠባጥብ መገጣጠሚያ ወይም ውሃውን ወደ ኋላ የሚመልስ የፓምፑ ቫልቭ ሊሆን ይችላል። ደረቅ ወረቀት ከእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ሥር አንጥፎ ጠዋት የረጠበውን መፈለግ መልሱን ይሰጣል። እንዲህ ያለው ድምፅ በካምፕ ጫጫታ ውስጥ አይሰማም፤ ሳይታይ የቆየ ውሃ ደግሞ የወለሉን እንጨት ያበሰብሳል። የጋዝ መገጣጠሚያዎችም በሳሙና ውሃ መፈተሽ ያለባቸው በዚሁ ጊዜ ነው፤ አረፋ የሚያወጣ ቦታ ካለ ጋዙ ይዘጋል፣ ባለሙያም ይጠራል። በእሳት መፈተሽ ፈጽሞ አይሞከርም።

መንገድ ላይ የሚደርስ ነገር ግን አንዱም እዚህ አይታይም።

አማራጭ ሁለት፦ የተሟላ የካምፕ ቦታ፣ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት

መብራት፣ ውሃና የፍሳሽ ማስወገጃ ያለው፣ ከቤት ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ቦታ ካራቫን ጎትቶ ለማያውቅ ሰው ከሁሉ የሚመረጥ መነሻ ነው። የሚፈተነው በዋናነት ሹፌሩ ነው፤ ማያያዝ፣ መታጠፍ፣ ወደ ኋላ መሄድ፣ ካራቫኑን አስተካክሎ ማቆም። ወደ ኋላ ሲኬድ መሪውን ከታችኛው ጫፉ መያዝ ይረዳል፤ እጁ ወደ ሄደበት አቅጣጫ የካራቫኑ ኋላም ይሄዳል፣ ስለዚህ አእምሮ ግራና ቀኝን ማገላበጥ አያስፈልገውም። የሚመራው ሰው ሹፌሩ በመስታወት በሚያየው ቦታ መቆም አለበት፤ ከመስታወት ውጭ ቆሞ የሚጮህ ሰው አይጠቅምም።

ማያያዣው በትክክል መቆለፉ በዓይን ብቻ አይታመንም። ከተያያዘ በኋላ የካራቫኑን የፊት ትንሽ ጎማ ወደ ታች እያዞሩ የመኪናው ኋላ ጥቂት ከፍ እስኪል ድረስ ማንሳት፣ ቁልፉ ኳሱን አጥብቆ መያዙን ያሳያል። ከዚያ በኋላ ትንሿ ጎማ ተመልሳ ወደ ላይ ትታሰራለች፣ የድንገተኛ ፍሬን ገመዱ (ካራቫኑ ከመኪናው ቢላቀቅ ፍሬኑን የሚያስይዘው) ይታሰራል፣ ፍሬቻና የፍሬን መብራት በሌላ ሰው ዓይን ይረጋገጣሉ።

በጉዞው መካከል ሁለት ነገሮች መታየት አለባቸው። ጎማ ተፈትቶ ተገጥሞ ከነበረ ዳዶዎቹ ከመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ሜትሮች ገደማ በኋላ እንደገና በአምራቹ ልክ ይጠበቃሉ። እንዲሁም በየእረፍቱ ፍሬን ብዙ ሳይረገጥ ከቆሙ በኋላ የእጅን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ የጎማ መሃል አስጠግቶ ሙቀቱን ማነጻጸር ይገባል፤ ሁሉም በመጠኑ መሞቃቸው ተፈጥሯዊ ነው፣ አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ከበለጠ ግን ኩሽኔታው ግራሶ ጎድሎታል ወይም ፍሬኑ ይዞ አልለቀቀም። ይህን በአጭር ጉዞ ማግኘት ጎማው በሩቅ መንገድ ላይ ከመነቀሉ በፊት ማግኘት ነው።

የዚህ አማራጭ ድክመት ምቾቱ ነው። ገመዱ ከተሰካ ባትሪው ደካማ መሆኑ አይታወቅም፤ ውሃው ከቧንቧ ከመጣ ታንከሩ ለስንት ቀን እንደሚበቃ አይታወቅም። ብዙ ሰው ልምምዱን እዚህ ላይ ያቆማል፣ ለረጅም ጉዞ የሚያስፈልገው ዕውቀት ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው።

አማራጭ ሦስት፦ አገልግሎት በሌለበት ቦታ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት

አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው። ሌሊቶቹ ከሁለት ማነስ የለባቸውም። ካራቫኑ ከቤት ሲወጣ ባትሪው የሞላ፣ ታንከሩ የሞላ፣ መጸዳጃው ባዶ ስለሆነ የመጀመሪያው ሌሊት ሁልጊዜ ያማረ ይሆናል፤ እውነቱ የሚወጣው በሁለተኛው ጠዋት ነው።

ሒሳቡን አስቀድሞ መሥራትና በቦታው ማረጋገጥ ይቻላል። በ12 ቮልት የሚሠራ ባለ ኮምፕረሰር ፍሪጅ እንደ አየሩ ሙቀትና እንደ መጠኑ በቀን 40 አምፔር-ሰዓት ገደማ ይወስዳል እንበል። መብራቶቹ ኤልኢዲ ከሆኑ ጥቂት ነው፤ ፓምፑ በአንድ ጊዜ ብዙ ቢስብም የሚሠራው ለደቂቃዎች ነው። 100 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ኤጂኤም ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ባይወርድ ስለሚመረጥ፣ በተግባር የሚሰጠው 50 አምፔር-ሰዓት ነው፤ ይህ ከአንድ ቀን እምብዛም አያልፍም። ተመሳሳይ መጠን ያለው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ 80 እና ከዚያ በላይ ይሰጣል፣ ክብደቱም ከግማሽ በታች ነው፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል፣ ሙቀቱ ከ0 ዲግሪ በታች ሲወርድም ቻርጅ መደረግ የለበትም። 200 ዋት የሶላር ፓነል 5 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ካገኘና ሲሦው ያህል ባትሪው ጋ ሳይደርስ ቢባክን 700 ዋት-ሰዓት ገደማ፣ ማለትም 55 አምፔር-ሰዓት ያህል ይመልሳል። በጠራ ሰማይ የፍሪጁን ፍጆታ ይሸፍናል፤ በደመናማ ቀን አይሸፍንም።

እነዚህ ቁጥሮች መነሻ ናቸው። የራስን ቁጥር ለማግኘት በየጠዋቱና በየማታው የባትሪውን ይዞታ በደብተር መጻፍ ያስፈልጋል፤ ወጪና ገቢ አምፔሩን የሚቆጥር የባትሪ መለኪያ ካለ ይበልጥ ያስተማምናል፣ ቮልት ብቻውን በተለይ ለሊቲየም ባትሪ ብዙ አይናገርምና። ሁለተኛ ባትሪ ወይም ተጨማሪ ፓነል የሚገዛው ይህ ደብተር ከተሞላ በኋላ መሆን አለበት። ከዚያ በፊት የተገዛ የኤሌክትሪክ ዕቃ አንድም ትርፍ ክብደት ይሆናል፣ አንድም አይበቃም።

ውሃና መጸዳጃም እንዲሁ ናቸው። ተንቀሳቃሹ የመጸዳጃ ካሴት (ቆሻሻው የሚጠራቀምበት ተነቃይ ሳጥን) በተለምዶ ከ15 እስከ 20 ሊትር ስለሚይዝ ለሁለት ሰው ከሁለት እስከ አራት ቀን ያገለግላል፤ ስለዚህ በረጅሙ ጉዞ ላይ የት ማረፍ እንደሚያስፈልግ ከባትሪው በፊት የሚወስነው ብዙውን ጊዜ ካሴቱ ነው። የጋዙ ዓይነትም በቀዝቃዛ ቦታ ይታያል፦ ቡቴን 0 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ወደ ጋዝነት መለወጡን ያቆማል፣ ፕሮፔን ግን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ይለወጣል። ወደ ብርድ የሚሄድ ሰው በፕሮፔን መለማመድ ይኖርበታል።

በጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ ያለው ሰው ካራቫኑን በደንብ አስተካክሎ ማቆም አለበት፤ እንዲህ ያለው ፍሪጅ ሲያጋድል ማቀዝቀዙን ያቆማል፣ ተጓዡም ፍሪጁ ተበላሸ ብሎ ያስባል።

አማራጭ አራት፦ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር ሳምንታዊ ልምምድ

አምስት ወይም ሰባት ቀን፣ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ቦታ እየቀየሩ፣ ከፊሉንም በጠጠር መንገድ መሄድ ለረጅሙ ጉዞ በጣም የሚቀርበው ልምምድ ነው። ውድ ነው፣ የሥራ ፈቃድም ይበላል። ለወራት ለሚጓዝ ወይም አስፋልት ለሚለቅ ሰው ግን ያስፈልጋል።

ንዝረት የሚያላላውን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ከመነሳት በፊት በዋና ዋና ቡሎኖች ላይ ከቡሎኑ ራስ ወደ ብረቱ የሚሻገር ቀጭን የቀለም መስመር ይሰመራል፤ ማታ መስመሩ ከተሰበረ ቡሎኑ ዞሯል። ከጠጠር መንገድ በኋላ ቁምሳጥኖችን ከፍቶ አቧራው በየት በኩል በቀጭኑ እንደተጋደመ መመልከትም በደንብ ያልገጠመውን የበር ወይም የመስኮት ላስቲክ ይጠቁማል፤ አቧራ የገባበት ቀዳዳ ዝናብም ያስገባል።

በሳምንቱ መካከል የሚታየው ሌላው ነገር የሰዎቹ ሁኔታ ነው። በየማታው መቆሚያ ማውረድ፣ ገመድ መዘርጋት፣ አልጋ መለወጥ፣ ጠዋት ሁሉን መልሶ ማሰር በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ይሰለቻል፤ የዚያን ጊዜ ነው ሰው መስኮት ሳይዘጋ ወይም ጋዝ ሳያጠፋ የሚነሳው። የመነሻ ዝርዝር ጽፎ በሩ ላይ መለጠፍ፣ አንዱ እያነበበ ሌላው እየነካ ማረጋገጥ የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው።

አማራጭ አምስት፦ ያለ ልምምድ መነሳት

አንዳንዱ ሰው ጊዜ የለውም። የሚቻል አማራጭ የሚሆነው የረጅሙ ጉዞ የመጀመሪያ ሳምንት በልምምድነት ከታሰበ፣ መንገዱ ከከተማ ካልራቀና ወደ ቤት መመለስ ከተፈቀደ ብቻ ነው። አስቀድሞ የተከፈለ ማረፊያና የተቆረጠ የመርከብ ትኬት ካለ ግን ይህ ነፃነት የለም፤ እንዲህ ላለው ተጓዥ አልመክረውም።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| አማራጭ | በደንብ የሚፈትነው | የሚደብቀው | እርዳታ ለማግኘት | ወጪና ጊዜ |
|---|---|---|---|---|
| በግቢ ማደር | የውሃና የጋዝ መፍሰስ፣ መብራት፣ አልጋ | መንገድን በሙሉ | እጅግ ቀላል | ከሞላ ጎደል የለም |
| የተሟላ ካምፕ፣ 1–2 ሌሊት | ማያያዝ፣ መንዳት፣ ጎማ፣ ፍሬን | ባትሪና የውሃ ፍጆታ | ቀላል | አነስተኛ |
| አገልግሎት የሌለው ቦታ፣ 2–3 ሌሊት | ባትሪ፣ ሶላር፣ ውሃ፣ መጸዳጃ፣ ማሞቂያ | የረጅም ንዝረት ጉዳት፣ የተከማቸ ድካም | መካከለኛ | አነስተኛ |
| የሚዘዋወር ሳምንት | ሁሉንም፣ ሰዎቹንም ጨምሮ | ጥቂት ነገር | እንደ መንገዱ | ከፍተኛ |
| ያለ ልምምድ መነሳት | ሁሉንም፣ ግን ዘግይቶ | ምንም | ብዙ ጊዜ አስቸጋሪ | አሁን የለም፣ ኋላ ሊከብድ ይችላል |

ለማን የትኛው

ገንዘብ ያጠረው ሰው በግቢ አድሮ በቀጥታ ወደ አማራጭ ሦስት ቢሄድ ይሻላል፤ ካራቫን ጎትቶ የሚያውቅ ከሆነ የተሟላ ካምፕ ብዙ አይጨምርለትም። ያለችውን ገንዘብ ከሁሉ አስቀድሞ ጎማ፣ ፍሬን፣ ኩሽኔታና የጋዝ ቱቦ ላይ ማዋል አለበት፤ እነዚህ የልምምድ ውጤት አይጠበቅባቸውም። የካራቫን ጎማ ብዙ ጊዜ ቆሞ ስለሚውል ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ያረጃል። በጎማው ጎን ላይ ያለው ባለ4 አኃዝ ቁጥር የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታል፦ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያና የእሳት ማጥፊያም ከመጀመሪያው ሌሊት በፊት ይገጠማሉ፣ በግቢ የሚታደርም ቢሆን።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጎትት ሰው አማራጭ ሁለትን መዝለል የለበትም። ልጆች ያሉት ቤተሰብም ከዚያው ቢጀምር ጥሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ አማራጭ ሦስት ሲሄድ የውሃ ፍጆታውን በጥንቃቄ ይመዝግብ፣ ልጆች ባሉበት ቤት ታንከሩ ከተገመተው ቀድሞ ያልቃልና።

ያገለገለ ካራቫን የገዛ ሰው ከዝናብ በኋላ በግቢ ቢያድር ይመከራል፤ የማዕዘንና የመስኮት ሥር ግድግዳ በጣት ሲጫኑት ከለሰለሰ፣ ወይም ውስጡ የሻገተ ሽታ ካለው፣ ሌላው ወጪ ሁሉ ቆሞ እርጥበቱ ይቀድማል። ለወራት የሚወጡ ጡረተኞችና ጠጠር መንገድ ያቀዱ ሰዎች ደግሞ ሁለትን፣ ሦስትንና አራትን በዚሁ ቅደም ተከተል ቢያደርጉ የተሻለ ነው። የተከራዩት ካራቫን ከሆነ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ከአከራዩ ቅርብ ማሳለፍ ይበቃል።

ማንም ይሁን ማን በመጨረሻው ልምምድና በመነሻው ቀን መካከል ቢያንስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መተው አለበት። መለዋወጫ ታዞ እስኪመጣና ባለሙያ ቀጠሮ እስኪሰጥ ያን ያህል ይወስዳል። ካራቫኑ ከጥገና ከተመለሰ፣ በተለይ ባትሪ፣ የጋዝ መስመር ወይም ፍሬን ከተነካ፣ ከመነሳት በፊት ሙሉ ጭነቱን ይዞ አጭር መንገድ መሄድና አንድ ሌሊት ማደር ያስፈልገዋል፤ ከጋራዥ በወጣ በማግስቱ ረጅም ጉዞ መጀመር ያልተፈተነ ነገር ይዞ መነሳት ነው።